ያደልኳቸውና መልሼ የሰበሰብኳቸው ካርዶች

አምና ክረምት ሊገባ ሲል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። የደብረ ማርቆስን ዳገትና ቁልቁለት በእግሬ ሳዳርስ የኖርኩ ሰው፣ ከቤቴ ተነሥቼ አስፋልቱ ጋ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀመርኩ። ሐኪሙ ጉልበቴን እያጠፈና እየዘረጋ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ሲለኝ የምለውን መምረጥ ጀመርኩ። ማተሚያ ቤት ብለው ቁጭ ብዬ የምውል ይመስለዋል። ፖስታ ቤት ብለው ውሸት ይሆናል። በመጨረሻ «ካርድ አድላለሁ» አልኩት። የሠርግ ካርድ መስሎት «እንግዲህ ዘመዶቹ እየመጡ ይውሰዱ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩለትና ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ካርድ አላደልኩም። ነገሩ እኔ ባላቆምም የሚቆም ነበር። ማተሚያ ቤቱ ዛሬ ባነርና ቲሸርት ነው የሚያትመው። ቧንቧ ሠሪውም ቀለም ቀቢውም የሠራውን ቤት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። አልከፋኝም። ግን የእኛ ሥራ ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው እየቀነሰ ስለሄደ፣ እኔ የማውቀውን ልጽፈው አሰብኩ።

ሥራውን የጀመሩት ጋሽ ስማቸው ናቸው። ወጣትነታቸውን ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ነው ያሳለፉት። እኛ አገር ደብዳቤ ሣጥን ድረስ እንጂ በር ድረስ አይመጣም፤ ሣጥን የሌለው ሰው በስሙ የተጻፈ ነገር ሳይደርሰው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ይህ ነገር ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እሳቸውን በጣም ያሳዝናቸው ነበር። ከፖስታ ቤት ወጥተው መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ማተሚያ ቤት ሲከፍቱ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከሉማሜ ሥራ ፍለጋ መጥቼ ነበር። ጸሐፊ አድርገው ቀጠሩኝ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ብዙም አይተርፍም ነበር፤ ቢሆንም ክፍሏን ወደድኳት።

መጀመሪያ የምንሠራው የፈተና ወረቀትና የሠርግ ካርድ ነበር። አንድ ቀን ይሁኔ የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ መጥቶ የመብራት እንጨት ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እንድንሠራለት ጠየቀ።

«በዚህ ወር የማንን ቤት ከደንክ?» አሉት ጋሽ ስማቸው።

«የእትዬ አስካልን። አሁንም እዚያው ነኝ፤ ነገ እጨርሳለሁ።»

«እንግዲያው ነገ እንመጣለን።»

በማግስቱ ማተሚያ ቤቱን ዘግተን ሄድን። ጋሽ ስማቸው ግቢው ውስጥ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ይሁኔ ምስማር ሲመታ፣ የምስማሩን ጎማ ሲያስገባ፣ አሸንዳውን ሲያቃና ቀኑን ሙሉ ሲያዩ ዋሉ። እኔ ሰለቸኝ። አመሻሽ ላይ ስንመለስ «ማስታወቂያ አንሠራለትም» አሉኝ። «የእትዬ አስካል ጎረቤቶች ስንት ናቸው? ለእነሱ በየስማቸው እንጽፍላቸዋለን።»

የመጀመሪያው ካርድ እንዲህ ነበር የሚለው፤ ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። «እንደምን ከረማችሁ። ቆርቆሮ ሠሪው ይሁኔ በዚህ ሳምንት የጎረቤታችሁን የእትዬ አስካልን ጣሪያ ከድኗል። ሄዳችሁ እዩት፤ እትዬ አስካል ፈቅደዋል። የእናንተም የሚያፈስ ከሆነ ዝናቡ ሳይመጣ ደውሉለት።» በአንድ ፊት ጽሑፉ፣ በሌላው ፊት የአንድ ቤት ሥዕል፣ ከሥዕሉ በታች በእጅ የሚጻፍ የቤተሰቡ ስም። ከዚያ በላይ ምንም የለውም። እኔ «ፈጣንና አስተማማኝ» የሚል ልጨምርበት ፈልጌ ነበር። ጋሽ ስማቸው «ሄዳችሁ እዩት ካልን ሌላው ምን ያደርጋል?» ብለው ሰረዙት።

ይሁኔ ሥራ በዝቶለት ያንን ሰፈር ሳይለቅ ክረምቱ ገባበት።

የጋሽ ስማቸው ሥራ እንደ ልጅ አስተዳደግ ሥርዓት የበዛበት ነበር። ካርዱ ተጽፎ ሲያልቅ ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ ለምትሸጠው ማንበብ ለማትችል ሴትዮ ጮክ ብዬ እንዳነብላት ያደርጉኛል። በአንድ ጊዜ ካልገባት እንደገና ይጻፋል። ስሞቹን በኮምፒውተር መጻፍ አይፈቀድም፤ እጃችንን በሳሙና ታጥበን በእስክሪብቶ ነው የምንጽፈው። «ለቤቱ ባለቤት» ብዬ የጻፍኩ ቀን ካርዱን መለሱልኝና «ባለቤት የሚባል ሰው አላውቅም። ስማቸውን ጠይቂ» አሉኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ካርድ ሳልይዝ ሰፈሩን እዞራለሁ። ማን የት እንደሚኖር፣ የማን አባወራ እንደሞተ፣ ማን ልጁን ዩኒቨርሲቲ እንዳስገባ በደብተር እይዛለሁ። የሞተን ሰው ስም ጽፎ በሩ ላይ መሄድ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ደርሶብኝ አይቼዋለሁ።

ካርድ በበር ሥር አይወረወርም። አንኳኩቶ፣ ውሻው እስኪያዝ ጠብቆ፣ በሁለት እጅ ነው የሚሰጠው። አንድ ሰፈር ደግሞ ሦስት ጊዜ ይሄዳል። ሰው የመጀመሪያውን ካርድ ተቀብሎ የሆነ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ትዝ ይለዋል፤ ሦስተኛው ሲደርስ ወይ ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል ወይ ቧንቧው ተበላሽቷል። ከተማውን ሁሉ አንድ ጊዜ ከማዳረስ አንድን ሰፈር ሦስት ጊዜ ማንኳኳት እንደሚሻል የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ጊዜም አለው። የቆርቆሮ ካርድ ከፋሲካ በኋላ፣ የቀለም ካርድ ክረምቱ ሲወጣ ይሄዳል፤ ገበያው አካባቢ ላሉት ሙስሊም ነጋዴዎች ደግሞ ረመዳን ከመግባቱ በፊት። የሕንጻ መሣሪያ የሚሸጡት አቶ ሰይድ ናቸው ይህን የነገሩን። ሠራተኞቹ ሁሉ ዕቃ የሚገዙት ከእሳቸው ስለነበር ማን ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚገዛ ያውቃሉ፤ ሲጠየቁም ይናገራሉ።

ሁሉም ቦታ አልተሳካልንም። ለአንድ ዓመት ያህል በየሳምንቱ ሐሙስ ደጀን እየሄድኩ ካርድ አድል ነበር። ማንም አልደወለም። ከአባይ በረሃ ወጥቶ የሚያድረው ሾፌር፣ ሻይ ቤት የተከራየው ነጋዴ፣ ካርዱን በደስታ ይቀበለኛል፤ የሚኖርበት ቤት ግን የሌላ ሰው ነው። የተከራየውን ጣሪያ ማን ያሠራል? ይህን ጋሽ ስማቸው ሳይሆኑ አንዲት ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት የነገረችኝ። መጥቼ ሳወራቸው ጋሽ ስማቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው በር ስናንኳኳ ከርመን!» አሉ። የደጀን ሥራ በዚሁ አበቃ።

አሁን መጻፍ የሚከብደኝን ልጻፍ።

ሥራውን ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖን ነበር። ጋሽ ስማቸው ዓይናቸውን ለመታከም አዲስ አበባ ሄደው ማተሚያ ቤቱን ለእኔ ትተውልኛል። የፋሲካ ሰሞን ነው፤ ሥራው ከመጠን በላይ ነው። በዚያ መሀል አበባው የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት፤ አነጋገሩ ረጋ ያለ፣ ልብሱ ንጹሕ። «ለሰማንያ ቤት ካርድ ሥሪልኝ» አለኝ። ከጋሽ ስማቸው ውጪ እኔን ብቻዬን አምኖ ሥራ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ደስ አለኝ። አንድ ቀን ሲሠራ ልየው ብል ጊዜ አልነበረኝም። ከበዓል በኋላ አየዋለሁ ብዬ ካርዱን ጻፍኩ።

በዚያ ሰፈር እማማ ጥሩሰው የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እያከራዩ፣ ጥልፍ እየጠለፉ ነው የሚኖሩት። የእሳቸውን ጥልፍ ያልለበሰች የደብረ ማርቆስ ሙሽራ የለችም ይባል ነበር። ከዚህ በፊት በእኛ ካርድ ጣሪያቸውን ለይሁኔ አሠርተዋል። ካርዱን ስሰጣቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ማድ ቤቴ ውስጥ ስቶቭ የምሰካበት እፈልግ ነበር። የዚህን ሰው ሥራ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ» አልኳቸው።

ለምን እንዳልኩ ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም። አላየሁም ብል ካርዱን የሚመልሱልኝ መሰለኝ።

አበባው ሶኬቱን ሠራላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስቶቩ ላይ ወጥ ጥደው ሳለ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግሎ የማድ ቤቱን የጨርቅ ኮርኒስ አያያዘው። ተማሪዎቹ ሁሉ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። እማማ ጥሩሰው እሳቱ ወደ እነሱ እንዳይሄድ ብለው የሚነደውን ጨርቅ በእጃቸው ጎትተው አወረዱት። ጎረቤት በውሃና በአፈር አጠፋው። ማድ ቤቱ ከሰለ። የእማማ ጥሩሰው ቀኝ እጅ ተቃጠለ።

ወሬውን የነገሩኝ አቶ ሰይድ ናቸው። ሱቃቸው ስሄድ ፊታቸውን አዙረው «አበባው ለመብራት የሚሆነውን ቀጭኑን ሽቦ ነው የወሰደው። ለስቶቭ ነው ቢለኝ አልሸጥለትም ነበር። አንቺም ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አሉኝ።

ሆስፒታል ሄድኩ። እማማ ጥሩሰው እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አልጋው ግርጌ ቆምኩ።

«እማማ፣ አይቼዋለሁ ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ሲሠራ አይቼው አላውቅም።»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ያንን ካርድ ለስንት ቤት ነው የሰጠሽው?» አሉኝ።

«ለሰማንያ።»

«ታዲያ እዚህ ቆመሽ የምታለቅሺው ለማን ነው? ያ ካርድ በየሰው ቤት ተቀምጧል። ሂጂ ሰብስቢው።»

ከዚያው ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ሄድኩ። የስሞቹ ደብተር ነበረኝ። የመጀመሪያውን በር ሳንኳኳ ምን እንደምል አላወቅኩም ነበር፤ የመጣልኝ «የሰጠኋችሁን ካርድ መልሱልኝ፤ የማላውቀውን ሰው ነው አውቀዋለሁ ብዬ የሰጠኋችሁ» የሚለው ነው። ያንኑ በየበሩ ደጋገምኩት። አንዳንዱ አዘነልኝ። አንዱ ሰውዬ «ድሮስ ከእናንተ ምን ይጠበቃል» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። አንዲት ሴት ልጇ ካርዱ ላይ ዶሮ ስሎበት ስለነበር ልስጥ አልስጥ ብላ ከልጇ ጋር ተከራክራ፣ በመጨረሻ ስልክ ቁጥሩ ያለበትን ቀድዳ ሰጠችኝ፤ ዶሮዋ እዚያው ቀረች። ሦስት ቤቶች አበባውን ቀድመው አሠርተውት ነበር። ለእነሱ አቶ ሰይድ አቶ መኳንንትን ላኩልኝ። ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ከሦስቱ በሁለቱ ቤት ያው ቀጭን ሽቦ ተገኘ። የአንደኛው ቤት ግድግዳ በእጅ ሲነካ ይሞቅ ነበር። አቶ መኳንንት እጄን ይዘው ግድግዳው ላይ አስቀመጡልኝ። ያ ሙቀት እስካሁን መዳፌ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ጋሽ ስማቸው አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ተመለሱ። የሰበሰብኳቸውን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ስንት ናቸው?» አሉ።

«ሰባ አንድ።»

«የቀሩት ዘጠኙስ?»

«በራቸው ዝግ ነው፤ አንዳንዶቹ ጥለነዋል አሉ።»

በማግስቱ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው መጡ። በአንድ ዓይናቸው ዳገቱን መውጣት ስላስፈራቸው ትከሻዬን ያዙ። ዘጠኙን ቤት አብረን ዞርን። በየበሩ ላይ እኔ የምለውን እኔ ከተናገርኩ በኋላ እሳቸው «ማተሚያ ቤቱ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» ይሉ ነበር። ስንመለስ መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ አረፉና እንዲህ አሉኝ፦ «የሺ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የማየው ሥራው ስለሚገባኝ አይደለም። ስለ ሽቦም ስለ ቆርቆሮም የማውቀው የለኝም። ከሰዓት በኋላ ሲደክመው፣ ማንም የማያየው ሲመስለው፣ ምን እንደሚያደርግ ነው የማየው። እሱን ለማየት ምንም መማር አያስፈልግም።»

አበባው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ማን ነው ያስተማረህ?» አሉት ጋሽ ስማቸው።

«ማንም። ሰው ሲሠራ እያየሁ ነው የለመድኩት። ሽቦ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር።»

ውሸት አልነበረበትም። እኔ ደግሞ እሱ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጌ ነበር በሰው በር ላይ የተናገርኩት። ለመስደብ የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁ። ጋሽ ስማቸው ራሳቸው ይዘውት ወደ አቶ መኳንንት ሄዱ። አበባው ያገኘውን የቀን ሥራ እየሠራ ልጆቹን እያበላ፣ በተረፈው ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ የሽማግሌውን መሰላል እየተሸከመ ተከተለ። የእማማ ጥሩሰውን ማድ ቤት ደግሞ ይሁኔና ሌሎች ካርዳቸውን የሠራንላቸው ሠራተኞች በየእሑዱ እየመጡ መልሰው ሠሩት። እማማ ጥሩሰው ከሆስፒታል ሲወጡ ሁለት ጣቶቻቸው አልታጠፍ ብለው ቀሩ። ለሙሽራ የሚጠልፉት ቀረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አበባው ተመልሶ መጣ። ካርድ አልጠየቀኝም፤ አቶ መኳንንት ናቸው «እይው» ያሉኝ። ሦስት ቀን አየሁት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደክሞት፣ ባለቤቶቹም በሌሉበት፣ ጨርሶ የመረገውን ግድግዳ እንደገና ከፍቶ ያልተማመነበትን አንድ መጋጠሚያ ሲያስተካክል አገኘሁት። እኔ በር ላይ መቆሜን አላወቀም።

ግን ካርድ ልጽፍለት አልቻልኩም። እማማ ጥሩሰው ሳያውቁ እንዴት ይሆናል? ይዤው ሄድኩ። በራቸው ላይ ስንደርስ ከኋላዬ ቆመ። እማማ ጥሩሰው አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«የሰው ቤት ሲሠራ አይተሽዋል?»

«ሦስት ቀን አይቼዋለሁ።»

«የእኔንስ?»

«የእርስዎን እርስዎ ይዩት።»

ከበሩ ገለል ብለው «ግባ» አሉት።

አሮጌውን የቤታቸውን ሽቦ በሙሉ ነቅሎ እንደ አዲስ ሠራው። አቶ መኳንንት ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እማማ ጥሩሰው ግን አልተቀመጡም፤ የታመመ እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ይዘው ከክፍል ክፍል እየተከተሉት አራት ቀን ቆመው አዩት። ሲጨርስ ስቶቩን ራሳቸው ሰክተው ወጥ ጣዱበት፤ ወጡ እስኪበስል ግራ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ካርዱ ላይ የእኔን ቤት ጻፊ» አሉኝ። «ሄዳችሁ እዩት በዪ። እኔ ፈቅጃለሁ።»

አበባው ወደ ጓሮ ወጣና ብዙ ጊዜ ቆይቶ ተመለሰ። ያንን ካርድ የጻፍኩት ከእጄ ከወጡት ሁሉ አስተካክዬ ነው፤ ለእነዚያው ሰማንያ ቤቶች አደልኩት። በሩን የዘጋብኝ ሰውዬ ሳይቀር ተቀበለኝ።

ጋሽ ስማቸው በመጨረሻ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ደከሙ። ካርዶቹን የማነበው ለእሳቸው ሆነ። ቃል ሲበዛብኝ እጃቸውን ያነሣሉ፤ አቆማለሁ፤ ቃሉን አወጣለሁ። በአንድ የጾም ወቅት አረፉ። ለቀብራቸው የመጣውን ሰው ሳይ አብዛኛውን በቤቱ በር አውቀዋለሁ፤ ያኛው ባለ ሰማያዊ በር፣ ይኼኛው ውሻው የሚነክሰው። ከእሳቸው በኋላ ጉልበቴ እስከፈቀደ ሠራሁ።

ሥራ እንዳቆምኩ የሰሙት እማማ ጥሩሰው በአንዱ ተከራያቸው ላኩብኝ። «አንዷ ክፍል ለቃለች። ያለሽበት ቤት ዳገት ነው፤ የእኔ ግቢ ሜዳ ነው» ብለዋል። ዕቃዬን ይሁኔና አበባው በጋሪ አመጡልኝ። አሁን የምኖረው እዚያ ነው።

እማማ ጥሩሰው ጥልፍ መልሰው ጀምረዋል። በግራ እጃቸው ለመጥለፍ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ዛሬም ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፤ የሙሽራ ልብስ ሳይሆን የሕፃናት ቀሚስ ጫፍ ብቻ ነው የሚጠልፉት። ቀኝ እጃቸው ጨርቁን ይይዛል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ግን አይችሉም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ግቢው ውስጥ ስትወጣ በርጩማዬን ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

«ዛሬ የቱ ይሁን?» እላቸዋለሁ።

«አረንጓዴው። ትንሽ ቢጫም ጨምሪልኝ።»

አምስት ስድስት መርፌ ላይ ክር አስገብቼ የመርፌ መሰኪያ ትራሳቸው ላይ በተርታ እሰካላቸዋለሁ። እስከ ምሳ ይበቃቸዋል።